«አይዞአችሁ» እና «ይስተካከላል» ለየቅል ናቸው

የጠያቂው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «አሥራ አራት ሰዎች ያሉበትን ቡድን መምራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ትልቁ ደንበኛችን ውሉን አቋርጧል፤ በእጃችን ያለው ሥራም ከተያዘለት ቀን ሦስት ወር ዘግይቷል። የሠራተኞቼ ወኔ እንዳይሰበር ብዬ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ‹አትጨነቁ፣ ሁሉም ይስተካከላል› እላለሁ። ምክትሌ ግን ሰዉ እኔን ማመን እያቆመ እንደሆነ ትነግረኛለች። እውነቱን አፍረጥርጬ ብናገር ደግሞ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ እሰጋለሁ። የተስፋውንና የእውነታውን መጠን እንዴት ላመጣጥን?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ ያረፈው «መጠን» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተስፋና እውነታ በአንድ ብርጭቆ የሚቀላቀሉ ይመስል፣ አንዱ ሲጨመር ሌላው መቀነስ ያለበት አድርገን እናስባለን። ከመሪዎች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ይህ ነው። ግማሽ እውነት ከግማሽ ተስፋ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብ ሰሚውን አያሳምነውም፣ አያጽናናውምም። እኔ የምለው ሁለቱም ሳይሸራረፉ ይቅረቡ ነው። ይህ ደግሞ የሚቻለው እውነታው ስለ አንድ ነገር፣ ተስፋው ስለ ሌላ ነገር የሚናገሩ ሲሆኑ ነው።

ልዩነቱን ሁለት የዘወትር ቃሎቻችን ያሳዩናል። «ይስተካከላል» ትንቢት ነው፤ ገና ስላልመጣ ቀን፣ ብዙውን ጊዜም በእጃችን ስለሌለ ነገር የሚሰጥ ቃል። «አይዞአችሁ» ግን ትንቢት አይደለም። በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ወዳጅ «አይዞህ» ሲል «ነገ ትድናለህ» ማለቱ ሳይሆን «አለሁልህ፣ ልብህን አጽና» ማለቱ ነው። ሕመምተኛው ባይሻለው እንኳ ያን ወዳጅ ውሸታም የሚለው የለም። ውሸታም የሚባለው «አይዞህ» ብሎ ጥሎት የሄደ ዕለት ነው። እርስዎ ለሠራተኞችዎ ሲሰጡ የቆዩት የመጀመሪያውን ነው፤ እነርሱ የሚፈልጉት ግን ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ትንቢቱ ለምን እንደማያዛልቅ በጥናት የታወቀ ምክንያት አለው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ ሰዎች የራሳቸውን ሥራ የሚጨርሱበትን ጊዜ ሲገምቱ ያለፈውን ልምዳቸውን ወደ ጎን ትተው ሁሉ ነገር እንደታቀደው ቢሄድ የሚሆነውን ብቻ ያሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሌላ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጻፍ ላይ የነበሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቀ። በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን አልፎ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «ነገር ሁሉ ቢበላሽባችሁስ?» ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ያህል ብቻ ነበር። ክፉውን ቀን እያሰቡም እውነታው ላይ አልደረሱም ማለት ነው። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስም በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እ.ኤ.አ. በ1963 ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ፣ በ102 ሚሊዮን በ1973 ነው የተጠናቀቀው። ስለዚህ «በሚቀጥለው ወር እንጨርሳለን» የሚል መሪ የሚሳሳተው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሰው አእምሮ ወደዚያ ያዘነብላልና ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ጊዜ የታጠፈ ቀጠሮ አራተኛውን የሚያምን ሰው አያስተርፍም። ምክትልዎ እየነገሩዎት ያሉት ይህንኑ ነው።

ተስፋ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ጋብሪዬለ ኤቲንገን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ ሕክምና የጀመሩ 25 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር። «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት ሴቶች የበለጠ ቀነሱ። ቀጥነው የሚታዩበትን ቀን በምናባቸው እያጣጣሙ መንገዱን ግን ቀላል አድርገው ያለሙት ደግሞ ያነሰ ቀነሱ። ሕልሙ ገና ሳይሠራበት ደስታውን ቀድሞ ስለሚሰጥ ለሥራው የሚያስፈልገውን ጉልበት ይበላዋል። «ላም አለኝ በሰማይ» የምንለው ይህንን ነው። እንቅፋቱን ስሙን ጠርቶ «ይህን የምናልፈው በዚህ በኩል ነው» የሚል ተስፋ ግን ጉልበት ይሆናል። ቡድንዎ ፊት ሲቆሙ ከሁለቱ የትኛውን ይዘው እንደቆሙ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ ንግግርዎ ውስጥ የእንቅፋቱ ስም አለ ወይስ የለም?

ሁለቱንም ሳይሸራርፍ የያዘ መሪ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ አንታርክቲካ ልውሰድዎ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1915 የኧርነስት ሻክልተን መርከብ «ኢንዱራንስ» 28 ሰዎችን እንደያዘች በዌዴል ባሕር በረዶ ውስጥ ተቀረቀረች። ለወራት ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ ቆይታ በኦክቶበር መጨረሻ ጎኗ መሰባበር ጀመረ፤ ሰዎቹ ወጥተው በረዶ ላይ ሰፈሩ፤ በኖቬምበር ሰጠመች። ሻክልተን የመጣው አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ነበር። ያ ዓላማ ከመርከቧ ጋር ሄዷል፤ እርሱም «ገና እናቋርጣለን» እያለ አላባበላቸውም። መርከቧና ስንቁ ስለጠፉ ከእንግዲህ ሥራችን ወደ አገራችን መመለስ ነው አላቸው። የሞተውን ዓላማ በግልጽ ቀበረ፤ በዚያው ንግግር ሌላ ዓላማ ሰጣቸው።

ከዚያ ያደረገውን ይመልከቱ። እያንዳንዱ ሰው ይዞት የሚሄደው የግል ዕቃ ከአንድ ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ አዘዘ፤ ቀድሞም እርሱ ራሱ የወርቅ ሳንቲሞቹን በረዶው ላይ ጣለ። ከተፈቀደው በብዙ እጥፍ የሚከብደው የአንዱ ባልደረባ ባንጆ ግን እንዲወሰድ አደረገ፤ ለመንፈሳችን መድኃኒት ነው ብሎ። ወርቅ ተጥሎ የሙዚቃ መሣሪያ ተያዘ። ስለ አመራር ብዙ ሥልጠና ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ግን አላገኘሁም። እውነታው «ከባድ ነገር ይዘን መጓዝ አንችልም» ብሏል፤ ተስፋው ደግሞ ከከባዱ አንዱን መርጦ «ይህ ግን ያስፈልገናል» አለ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው፣ ቃል ሳይሆኑ ውሳኔ ሆነው ታዩ።

በኤፕሪል 1916 ኤሌፋንት ደሴት ከደረሱ በኋላ ሻክልተን አምስት ሰዎች አስከትሎ በትንሽ ጀልባ፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር የማያንስ ማዕበል አቋርጦ እርዳታ ለማምጣት ተነሣ። የያዘው ስንቅ ለአንድ ወር የሚበቃ ብቻ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልደረስን መጥፋታችን የማይቀር ነው ብሎ አስልቷልና። ደሴቱ ላይ የቀሩትን 22 ሰዎች የሚመራው ፍራንክ ዋይልድ ደግሞ በየማለዳው የመኝታ ከረጢታችሁን ጠቅልላችሁ እሰሩ፣ አለቃው ዛሬ ሊመጣ ይችላል ይላቸው ነበር። «ይመጣል» አላለም፤ «ሊመጣ ይችላል» ነው ያለው። ቃሉንም ከአንድ ሥራ ጋር አስሮታል። ሰዎቹ ሰምተው ቁጭ አላሉም፤ ተነሥተው ከረጢታቸውን ጠቀለሉ። ሻክልተን ሦስት ጊዜ ሞክሮ በረዶው መለሰው፤ በአራተኛው ኦገስት 30 ቀን ደረሰላቸው። ሃያ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። (ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ስላለ ልጨምረው፦ በሌላኛው የአህጉሩ ጫፍ ለእርሱ ስንቅ ሲያስቀምጥ ከነበረው ቡድን ሦስት ሰዎች ሞተዋል። የሻክልተን ዕቅድ ከመጀመሪያው ከልክ ያለፈ ነበር፤ የአመራሩ ውበት ዕቅዱን አያነጻውም።)

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። እርስዎ የሚጨነቁት ከእርስዎ ወደ ሠራተኞቹ ስለሚወርደው ቃል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከእነርሱ ወደ እርስዎ መውጣት ያለበት ወሬ ነው። መሪ «ሁሉም ይስተካከላል» ባለ ቁጥር ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው አፉን ይዘጋል፤ የአለቃውን ተስፋ የሚያፈርስ ሆኖ መታየት አይፈልግምና። ውሎ አድሮ ቡድኑ ውስጥ ስለ እውነታው የሚያውቀው ትንሹ ሰው መሪው ይሆናል።

ይህ የት ሊያደርስ እንደሚችል ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካው ናሳ የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ያሳያል። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከመተኮሷ በፊት በነበረው ምሽት፣ የሮኬቶቹ መሐንዲሶች ብርዱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ መተኮስ የለባትም ብለው ነበር፤ የጎማ ማሸጊያዎቹ በብርድ ይደርቃሉ የሚል ስጋት ነበራቸው። በውይይቱ መካከል ሮኬቶቹን ከሠራው ኩባንያ ኃላፊዎች አንዱ የምህንድስና ክፍሉን ኃላፊ የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቀህ የአስተዳዳሪ ባርኔጣህን አድርግ አሉት። ምክሩ ተቀለበሰ። መንኮራኩሯ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ የተሳፈሩት ሰባት ሰዎችም ሞቱ። ጉዳዩን ካጣሩት አንዱ የነበሩት ፊዚሲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን ያገኙት ልዩነት እስካሁን ያስገርመኛል፦ መሐንዲሶቹ የመክሸፍ ዕድሉን ከመቶ አንድ ያህል አድርገው ሲገምቱ፣ የአስተዳደሩ ሰዎች ግን ከመቶ ሺህ አንድ ይሉ ነበር። በአንድ ድርጅት ውስጥ፣ ስለ አንድ ማሽን፣ የሺህ እጥፍ ልዩነት። ሥራውን በእጁ የሚነካው ሰውና ስለ ሥራው የሚናገረው ሰው በሁለት ዓለም ይኖሩ ነበር።

ተቃራኒውን ደግሞ በፎርድ ኩባንያ እናገኛለን። አለን ሙላሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ሲመጣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደሚከስርበት ገደል እየተንደረደረ ነበር። የክፍል ኃላፊዎቹ ግን በየሳምንቱ ስብሰባ የሚያቀርቡት ሰንጠረዥ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ችግር የለም ማለት ነው። ሙላሊ ቢሊዮኖች እየከሰርን የማይሄድ ነገር የለም ወይ እያለ ይጠይቃቸው ነበር። በመጨረሻ ማርክ ፊልድስ የሚባለው ኃላፊ የአንድ አዲስ መኪና ሥራ መቆሙን በቀይ አሳየ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አለቃው ምን ያደርገው ይሆን ተብሎ ሲጠበቅ ሙላሊ አጨበጨበ፤ ቀጥሎም በዚህ ማን ሊረዳው ይችላል ብሎ ጠየቀ። በተከታዮቹ ሳምንታት ሰንጠረዦቹ ቀይና ቢጫ መሆን ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ፋብሪካዎቹን ብቻ ሳይሆን የታወቀውን ዓርማውን ጭምር አስይዞ 23.6 ቢሊዮን ዶላር የብድር አቅርቦት አገኘ። ችግሩን ቀላል አድርጎ ያየ ሰው ዓርማውን አያስይዝም። ተስፋ የቆረጠም አያስይዝም።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርዎ። ከብዙ ዓመት በፊት ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት የፕሮጀክት ቡድን እመራ ነበር። ገንዘቡን የሚሰጠን ድርጅት ውሉን ላያድስ እንደሚችል በሁለተኛው ወር ሰማሁ፤ ለባልደረቦቼ የነገርኳቸው በስድስተኛው ነው። በመካከሉ «እየተነጋገርን ነው፣ ይታደሳል» እል ነበር። ክፋት አልነበረብኝም፤ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። የነገርኳቸው ዕለት ከሁሉም ዝምተኛ የነበረችው ባልደረባዬ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ወደ ክፍሌ መጣች። አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ውል ነበር፤ የተፈረመው በአራተኛው ወር። «ይታደሳል ስላልከን ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አላስታውስም፤ የወረቀቱን እጥፋት ግን ዛሬም አያለሁ። መሪ ስለ ነገ የሚናገረውን ሰዎች ይዘውት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይፈርሙበታል፣ ይበደሩበታል፣ የመጣላቸውን ሌላ ሥራ ይተዉበታል። «ላጽናናቸው» ብዬ የሰጠሁት ቃል የሚወስኑበትን መረጃ የነጠቀ ቃል ነበር። ይህ ጉዳይ እንደ ሙያ ብቻ ሳይሆን እንደ ሰውም የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ከመናገርዎ በፊት አንድ ምሽት ወስደው የሚያውቁትን፣ የማያውቁትንና በእጃችሁ ያለውን ለየብቻ ይጻፉ። በእጅ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ደመወዝ ይከፍላል? የዘገየው ሥራ ምን ያህሉ አልቋል? እስካሁን በወር ምን ያህል ሲሠራ ቆየ? ቀሪውን በዚህ ፍጥነት ያስሉት፤ ወደፊት እንፈጥናለን በሚሉት ፍጥነት አይደለም።

ከዚያ ሲናገሩ ቁጥሩ ይቅደም። ማለስለሻ አይደርቡበት። በራስዎ አነጋገር ያስተካክሉት እንጂ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ባለፉት ሳምንታት ሁሉም ይስተካከላል ስላችሁ ቆይቻለሁ። ይህን ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልነበረኝም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያለንበት ይህ ነው፦ በእጃችን ያለው ገንዘብ ለአምስት ወር ይበቃናል። ሥራው አሁን ባለው ፍጥነት የሚያልቀው በአራት ወር ነው። ሌላ ደንበኛ እናገኝ አናገኝ አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ እነዚህን ቁጥሮች በየሰኞው ታዩአቸዋላችሁ። ሰው መቀነስ ግድ የሚሆንበት ደረጃ ላይ ከደረስን ከወሬ ሳይሆን ከእኔ አፍ፣ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ትሰሙታላችሁ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቶሎ በተስፋ ሊሞሉት ይፈልጋሉ። አይሙሉት። ሰዎቹ ይጠይቁ።

ተስፋው ከጥያቄው በኋላ ይምጣ፤ ምክንያቱንም ይዞ ይምጣ። «ጎበዞች ናችሁ» ከአንገት በላይ ይመስላል። «ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞን በሦስት ሳምንት የፈታነው እነ እገሌ እንዲህ ስላደረጉ ነው፤ ያ አቅም አሁንም እዚህ ክፍል ውስጥ አለ» የሚለው ግን ሊመረመር የሚችል ተስፋ ነው። የቀን ቀጠሮ አይስጡበት። ዋይልድ ከረጢት እንዳስጠቀለለ ሁሉ እርስዎም ለዚያው ሳምንት የሚሠራ አንድ የሚጨበጥ ሥራ ያስከትሉበት።

ክፉ ወሬ ወደ እርስዎ እንዲወጣ የሚረዳ ዘዴም አለ፤ ጌሪ ክላይን የተባሉት ተመራማሪ ያስተዋወቁት ነው። ሠራተኞቹን ሰብስበው «ስድስት ወር አልፏል፤ ሥራው ከሽፏል። ለምን እንደከሸፈ እያንዳንዳችሁ ጻፉ» ይበሏቸው። «ሊከሽፍ ይችላል ወይ?» ብለው አይጠይቁ። መክሸፉን እንደሆነ ነገር አድርጎ መነሣት አፍን ይፈታል፤ ስጋቱን የሚናገር ሰው ጨለምተኛ ሳይሆን ጥያቄውን የመለሰ ሰው ይሆናልና። ከሚጻፉት መካከል ሁለት ወይም ሦስቱ እርስዎ ፈጽሞ ያልሰሟቸው እንደሚሆኑ እጠብቃለሁ።

«ጥለውኝ ይሄዳሉ» ላሉት፦ አንዳንዶቹ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ይህን አልደብቅዎትም። ነገር ግን አሁንም እየሄዱ እንዳይሆን ይመርምሩ። መሪያቸው እውነቱን እንደማይነግራቸው የተረዱ ሰዎች ሲሄዱ ድምፅ አያሰሙም፤ ቀድመው የሚሄዱትም ሌላ ቦታ የሚፈለጉት ብርቱዎቹ ናቸው። እውነቱን ሰምቶ የሚቀር ሰው ደግሞ የሚቀረው ምን ውስጥ እንደገባ እያወቀ ነው፤ ከእንደዚያ ያሉ ስምንት ሰዎች ጋር መሥራት ከአሥራ አራት ተጠራጣሪዎች ጋር ከመሥራት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ምክትልዎም አንድ ነገር ልበል። ደፍረው የነገሩዎት እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ ይያዟቸው። ሆኖም እውነታ ማለት ጨለማውን ብቻ ማየት አይደለም። «አይሳካም» የሚለውም ትንቢት ነው፤ እንደ «ይሳካል» ሁሉ ማስረጃ ይጠየቅበታል። ያልሄዱት ደንበኞች፣ ያለቀው የሥራ ክፍል፣ በሰዎቹ እጅ ያለው ችሎታ እነዚህም እውነታ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ላይ መስመር ይገባቸዋል። የራስዎን ፍርሃት በተመለከተ ደግሞ ከቡድኑ ውጭ የሚያወሩት አንድ ሰው ይፈልጉ። ቁጥሩን ለሠራተኞች ማካፈል ግዴታዎ ነው፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ግን እንዲሸከሙልዎ አያድርጉ።

ለመጪው ሰኞ የምመክርዎት ይህን ነው፦ ከስብሰባው በፊት ከምክትልዎ ጋር ተቀምጠው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አብረው ያንብቡ፤ ሰንጠረዡንም እርሳቸው ያቅርቡት። የመጀመሪያውን ቀይ ግን እርስዎ በራስዎ እጅ ያስምሩ። ስለ ሄደው ደንበኛ እስካሁን ያልነገሯቸው ነገር ካለ ያ ቀይ መስመር እርሱ ይሁን።